የብርዕ እንጀራ፦ ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራንዝ እና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

መንግሥት በሕዝብ ኑሮ ውስጥ እስከ ምን ድረስ ይግባ የሚለው ክርክር በአገራችን ጥናቶች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች ነው። በዚያ ዓመት ባንኮችና የመድን ድርጅቶች፣ ቀጥሎ ፋብሪካዎች፣ ከዚያ የገጠር መሬት፣ በመጨረሻም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተራ በተራ በመንግሥት እጅ ገቡ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ደግሞ ጥያቄው በሌላ ወገን ተነሣ፤ የተቸገረውን ማብላት የማን ድርሻ ነው፣ የሚያበላው አካልስ ከሚበላው ሰው ምን ይጠይቃል የሚል ጥያቄ። ሁለቱም ክርክሮች ብዙ ተጽፎባቸዋል። የሁለቱ ሥር የሆነው ጥርጣሬ ግን፣ ማለትም እንጀራን የሚሰጥ እጅ ሕሊናንም ሊያዝ ይችላል የሚለው ስጋት፣ ከአዋጆቹም ከመርሐ ግብሩም እጅግ የቆየ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ጥርጣሬ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይከታተላል። ሰውየው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንፍራንዝ ኖሮ በዚያው የሞተው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። የፍልስፍና ተማሪዎች ስለ አእምሮ፣ ስለ እግዚአብሔር መኖርና ስለ ጸሎት የጻፈውን ደጋግመው አንብበዋል፤ እንዴት እንደ በላ፣ ማን እንደ ከፈለው፣ ለምን መምህርነትን ትቶ ጸሐፊነትን እንደ መረጠ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚከራከረው የዘርዐ ያዕቆብ አስተሳሰብና መተዳደሪያው ተነጣጥለው ሊነበቡ እንደማይገባ ነው። ንጉሥ በእምነት ላይ የነበረውን ሥልጣን መጠርጠር የጀመረው በዋሻ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬውን ይዞ 59 ዓመት መኖር የቻለው ግን እንፍራንዝ ላይ፣ በግል ውል፣ በእጁ ሥራ ነው።

ስለ ምንጩ

ስለ ዘርዐ ያዕቆብ የምናውቀው ሁሉ የሚመጣው በግእዝ ከተጻፈው ሐተታው እና ከደቀ መዝሙሩ ከወልደ ሕይወት ሐተታ ነው። የሁለቱ የታወቁ ቅጂዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአንቷን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ይገኛሉ። ወደ ዳባዲ የላካቸው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በቤጌምድር ይኖር የነበረው ጣሊያናዊው ካፑቺን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ኤኖ ሊትማን እና ቦሪስ ቱራዬቭ ለየብቻቸው አሳተሙት። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የራሱ የሚስዮናዊው ድርሰት ነው አሉ፤ ኦይገን ሚትቮኽም በ1934 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደገፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሳምነር በበኩላቸው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥራዞች የኢትዮጵያዊ ሥራነቱን አጥብቀው ተከራከሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከወጣ ወዲህ ክርክሩ እንደገና ሞቋል።

ክርክሩ አልተዘጋም፤ በዚህ ጽሑፍም አይዘጋም። ለተነሣንበት ጉዳይ ግን ክርክሩ የሚመስለውን ያህል እንቅፋት አይሆንም። ሐተታው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ከሆነ የአንድ ሊቅ የራሱ የኑሮ ምስክርነት ነው። የሚስዮናዊው ድርሰት ከሆነ ደግሞ በቤጌምድር ከደብተሮችና ከጸሐፍት ጋር የኖረ ሰው የዐይን ምስክርነት አለበት ማለት ነው፤ የብራና ጸሐፊው ኑሮ፣ የባለጸጋው ቤትና የደጁ ተማሪዎች በሁለቱም ዘመን በአካባቢው የነበሩ ናቸውና። ከዚህ በታች የሚተረከው ሕይወት ሐተታው እንደሚያቀርበው ነው።

ከአክሱም እስከ ዋሻ

ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው በአክሱም አቅራቢያ ከድኻ ገበሬ ቤት ነው። ጊዜው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ልጅ ያዕቆብ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ሲሆን ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ 1599 እ.ኤ.አ. ይሉታል። ሕዝቡ በተለምዶ የሚጠራው ወርቄ በሚለው ስም ነበር። መጀመሪያ ለዜማ ትምህርት ተሰጠ፤ ድምፁ ግን ሻካራ በመሆኑ ጓደኞቹ ይሥቁበት ነበርና ጥቂት ወራት ቆይቶ ወደ ቅኔና ሰዋስው ተሻገረ። በዚህ ቀንቶት አራት ዓመት ቅኔ፣ ከዚያ አሥር ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። ትርጓሜውን ሲማር የአገሩን ሊቃውንት ንባብ ብቻ ሳይሆን ፈረንጆቹ እንዴት እንደሚተረጉሙም አጠና። ከዚያ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

የአስተማሪነቱ ዘመን የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ፤ ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 እ.ኤ.አ. አገር ገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ከሃይማኖት ለውጥ ያለፈ ሰፊ መንግሥታዊ መርሐ ግብር ነበር። ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናት ዳግመኛ እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ እንዲባረኩ፣ ቀዳሚት ሰንበትን ማክበርና ግዝረት እንዲቀሩ ታዘዘ። ገበሬው በየትኛው ቀን ሥራ እንደሚያቆም፣ እናት ልጇን እንዴት እንደምታስገርዝ፣ ቤተሰብ መቼ እንደሚጾም ከቤተ መንግሥት የሚወሰን ሆነ።

እዚህ ላይ በታሪክ ጽሑፎቻችን በቂ ትኩረት ያላገኘ አንድ ነጥብ አለ። በዚያ ዘመን የቤተ ክህነት ሰው ኑሮ ከመንግሥት የተለየ አልነበረም። ታላላቅ አድባራትና ገዳማት በንጉሥ ስጦታ በተገኘ ጉልት ይተዳደሩ ነበር፤ አክሱም ጽዮንም ከባለ ጉልቶቹ ሁሉ የታወቀችው ነበረች። ሹመት ከላይ ይመጣል፤ ቀለብም ከሹመት ይከተላል። ስለዚህ ንጉሡ እምነታቸውን ሲለውጡ የተናወጠው ሥርዓተ ቅዳሴው ብቻ አልነበረም፤ የመምህሩና የካህኑ ማዕድም አብሮ ተናወጠ። ተቃውሞው ያን ያህል የመረረው በእምነት ጽናት ብቻ አይመስልም። የመንግሥት እጅ በማዕድ ላይ አስቀድሞ ስለ ነበረ በመሠዊያው ላይ ሲዘረጋ የሚያስቆመው አልነበረም።

ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ መካከል ከሁለቱም ወገን አልቆመም። ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን መልካም ሌላውን ክፉ አይልም ነበር። ዛሬ በአንድ የድኅረ ምረቃ ክፍል ይህ ተራ የማስተማሪያ ስልት ነው። ያን ጊዜ ግን ከሁለቱም ወገን ጠላትነትን አመጣበት፤ መንግሥት አቋም በወሰደበት ነገር ላይ አቋም አለመውሰድ እንደ ዐመፅ ይቈጠራልና። ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን ወደ ንጉሡ ቀርቦ ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣል ሲል ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ። ወደ ተከዜ አቅጣጫ ሄዶ ሰው በሌለበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠበት።

በዋሻው ያሰበው ብዙ ጊዜ የተተረከ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፤ ለእያንዳንዱም እውነትን የሚመረምርበት አእምሮ ተሰጥቶታል፤ ከዚህ አእምሮ ብርሃን ጋር የሚጋጭ ሕግ፣ በማንም ስም ይደንገግ፣ የሰው ሥራ ነው። በዚህ ሚዛን ምንኵስናን፣ የጾምን ግዴታ፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ከብት መሸጥ መለወጥን መዘነ፤ ሁሉም ጎደሉበት። ለጉዳያችን የሚበልጠው ግን ሚዛኑን ማን ይዞታል የሚለው ነው። ሚዛኑ በንጉሥ እጅ አይደለም፤ በጳጳስም እጅ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይዟል። ሐተታው ስለ መንግሥት አስተዳደር የተጻፈ መጽሐፍ ባይሆንም ለሥልጣን ወሰን ያበጀው በዚህ መንገድ ነው።

እንፍራንዝ

በ1632 እ.ኤ.አ. የላስታ ዐማፅያን በወይና ደጋ ተሸነፉ። በሺዎች የሚቈጠር ገበሬ ያለቀበት ይህ ድል የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ዘርዐ ያዕቆብ የንጉሡን ሞት ሲሰማ ከዋሻው ወጣ። ወደ አክሱም ግን አልተመለሰም። በአማራ ምድር አልፎ ወደ ቤጌምድር ሲጓዝ ሕዝቡ ከስደት የሚመለስ መነኵሴ መስሎት ያበላው ነበር። እንዲህ እያለ እንፍራንዝ ደረሰ።

እንፍራንዝ ያን ጊዜ ተራ መንደር አልነበረችም። ዛሬ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና የሚያልፍባት ይህች ከተማ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በሐይቁ ዳር ሜዳና በደጋው መካከል ትገኛለች። በላይዋ ካለው ኮረብታ ዛሬም የሚታየው የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው፤ ጎንደር ሳትቈረቈር አካባቢው የነገሥታት መቀመጫ ነበር። ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቈረቍሩ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ራቀ። ከቤተ መንግሥት የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ ገበያና ባለጸጋ ሳይጎድለው መኖር፤ ለአንድ ስደተኛ ሊቅ ከዚህ የተሻለ ርቀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አቅራቢው አካባቢውን ከልጅነቱ ስለሚያውቀው ያዳላ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራንዝ መቅረቱ እንዲሁ የመንገድ አጋጣሚ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

በከተማይቱ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ተቀበለው። በማግሥቱ ዘርዐ ያዕቆብ ወደ አክሱም ዘመዶቹ ደብዳቤ ለመጻፍ ቀለምና ክርታስ ጠየቀ። ሀብቱ ጸሐፊ መሆኑን ሲረዳ ከእኔ ዘንድ ተቀመጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ጻፍልኝ፣ ዋጋህን እከፍልሃለሁ አለው። ዘርዐ ያዕቆብ ደስ አለው፤ ምክንያቱንም ሐተታው አይደብቅም። ወደ መምህርነት መመለስ አልፈለገም፤ እውነት የመሰለውን ቢያስተምር ይከሰሳል፣ የማያምንበትን ቢያስተምር ሕሊናው ይከሰዋል። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊን ግን ማንም ስለ ሃሳቡ አይጠይቀውም። የሚጠየቀው ፊደሉ የተስተካከለ፣ መስመሩ የቀና፣ ቀለሙ የማይለቅ መሆኑን ነው።

ይህን ሥራ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ይገባል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ይፋቃል፤ ሲደርቅ በድንጋይ ይለሰልሳል። ከዚያ በልክ ተቈርጦ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከእህል ቁላ ተዘጋጅቶ ለረጅም ጊዜ ይብላላል፤ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። አንድ ዳዊት 150ውን መዝሙር ብቻ አይይዝም፤ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ይከተሉታል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ወራት የሚፈጅ የእጅ ሥራ ነው። ገዢው ካህን ብቻ አልነበረም፤ ልጁን ማስተማር የሚሻ፣ ለነፍሱ መታሰቢያ የሚሻ ባለጸጋ ሁሉ ይፈልገዋል። ዋጋው እንደ ዘመኑ ልማድ በዐይነት ይከፈላል፤ ልብስ፣ ከብት፣ እህል፣ አሞሌ። ጽሕፈት በሙሉ ስሜቱ የግል ሙያ ነበር። መሣሪያው የጸሐፊው፣ ችሎታው የጸሐፊው፣ ውሉ በሁለት ሰዎች መካከል።

ዘርዐ ያዕቆብ የመጀመሪያውን ዳዊት ሲያስረክብ ሀብቱና ያዩት ሁሉ በእጁ ውበት ተደነቁ፤ ሌሎችም ይጽፍላቸው ዘንድ ይመጡ ጀመር። ሀብቱ ተሰማ እና ምትኩ የተባሉ ሁለት ልጆቹን እንዲያስተምርለት ሰጠው። የክርስትና ስሙ ወልደ ሕይወት የሆነው ምትኩ በኋላ የመምህሩን ሃሳብ የሚያስፋፋው እርሱ ነው። እንግዲህ መምህርነቱም ተመለሰ፤ ነገር ግን በደብር ስም ሳይሆን በአንድ ቤት፣ አባት ፈቅዶ፣ በትርፍ ሰዓት።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጋብቻ የሥልጣንን ወሰን ጉዳይ ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል። በሀብቱ ቤት ሒሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች፤ መልከ መልካም ባትሆንም ጠባይዋ የተመሰገነ፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ መነኵሴ አለመሆኑን ለሀብቱ ገልጦ ልጅቷን ለጋብቻ ጠየቀ። ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን ሲለው አልተቀበለም፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ሚስት እንጂ አገልጋይ አልሻም አለ። ፈቃዷም ተጠየቀ። በዋሻው የተደረሰበት የእኩልነት ሃሳብ ሥራ ላይ የዋለው በአዋጅ አይደለም፤ አንድ ባለጸጋ በቤቱ ባለው ሥልጣን ላይ ወሰን እንዲያበጅ በመጠየቅ ነው።

የመንግሥት እጅ አቅጣጫ ሲለውጥ

ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፤ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም በቀጣዮቹ ዓመታት ከአገር ወጡ። የታሪክ ድርሳኖቻችን ይህን እንደ ነፃነት ያነቡታል፤ ለብዙው ሕዝብም ነፃነት ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ደስታውን ለክቶ ነው የሚገልጠው። ፋሲለደስ መጀመሪያ በጥበብና በመልካም ምክር እንደ ገዙ ያመሰግናል፤ እያደር ግን ወደ ጭካኔ እንዳዘነበሉ ይጽፋል። አቅራቢው እንደሚረዳው ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሱስንዮስ ዘመን ቀዳሚትን ያከበረ ይቀጣ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ከፈረንጅ ጋር የወገነ ተሳደደ። አቅጣጫው ተለወጠ እንጂ እጁ አልተሰበሰበም። በመንግሥት ሥልጣን መስፋት ላይ የሚነሣ ጥርጣሬ እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ሥልጣኑ ለእኛ ወገን ሲሠራም ይጠረጠራል ወይ? ብዙዎቻችን ይህን ፈተና አናልፍም። የምንቃወመውን መርሐ ግብር ስናይ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት እናወግዛለን፤ የምንወደው ሲመጣ መንግሥት ኃላፊነቱን ተወጣ እንላለን።

በዚያው መቶ ዓመት የባሕር ማዶውም ዓለም በዚህ ይታመስ ነበር። በ1685 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የተሰጠውን የናንት አዋጅ ሻሩ፤ ብዙ ሸማኔዎች፣ ሰዓት ሠሪዎችና ነጋዴዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገሮች ተሰደዱ። መንግሥት እምነትን ሲያዝ መጀመሪያ የሚያጣው የእጅ ባለሙያውን ነው፤ መሬት አይሸሽም፣ ችሎታ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። አክሱምም መምህሯን ያጣችው በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ዘርዐ ያዕቆብን የዛሬው የነፃ ገበያ ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። ግብርን አልተቃወመም፤ ፍርድ የሚሰጥ፣ መንገድ የሚጠብቅ ገዢ አያስፈልግም አላለም። እንዲያውም ከዋሻ ለመውጣት የንጉሥ መለወጥን መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። የግል ኑሮው የቆመው ሌሎች በሚጠብቁት ሰላም ላይ ነው። የሚጽፈውም ዳዊት ነው፤ ገበያውን የፈጠረችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ብዙ ሕጎቿን በልቡ የማይቀበል ሰው መጽሐፏን በማባዛት ኖረ። ይህን ግብዝነት የሚሉት አሉ፤ ለአቅራቢው ግን የገበያን ጠባይ የሚያሳይ ይመስለዋል። ገበያ የሚጠይቀው የተጣራ ሥራ ነው፤ የሠሪውን ሃይማኖት አይመረምርም።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሁሉም ነገር የተመሠረተው በሀብቱ ቸርነት ላይ ነበር። ሀብቱ ክፉ ሰው ቢሆንስ? ዘርዐ ያዕቆብ ብርዕ መያዝ የማይችል ተራ ስደተኛ ቢሆንስ? ሒሩት ጠያቂዋ እኩልነትን የሚያምን ሰው ባይሆን ኖሮ ዕድሜዋን በአገልጋይነት ትፈጽም ነበር፤ ከዚያ ቤት የሚያወጣት ሕግ አልነበረም። የግል እጅም እንደ መንግሥት እጅ ያዛል፤ ልዩነቱ ከአንዱ ባለጸጋ ደጅ ወደ ሌላው መሄድ የሚቻል መሆኑ ነው፤ ይህም ደጁ ብዙ ሲሆን ብቻ ነው። ድርቅና አንበጣ በደጋው ምድር ሲበረቱ ደግሞ ደጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። የሴፍቲኔት ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው፤ የዘርዐ ያዕቆብ ሕይወት ለዚህ ምላሽ የለውም። ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያበላ አካል፣ ንጉሥም ይሁን ባለጸጋ፣ ከእጅ ሥራ ሌላ ነገር መጠየቅ የጀመረ ቀን በላተኛው አማራጭ ያስፈልገዋል። በአክሱም አማራጭ አልነበረም፤ በእንፍራንዝ ብርዑ ነበረ። ዛሬ መርሐ ግብር የሚነድፉ ሰዎች ተረጂው መብላቱን ይቈጥራሉ፤ ከመርሐ ግብሩ ሲወጣ የሚሄድበት ሌላ ደጅ መኖሩ በሪፖርታቸው ውስጥ ያን ያህል ቦታ የለውም።

የመጨረሻ ዓመታት

ዘርዐ ያዕቆብ ልጅ ወለደ፤ በባለውለታው ስምም ሀብቱ ብሎ ጠራው። የልጅ ልጆች አየ። ሃሳቡን ግን ለረጅም ጊዜ ለአደባባይ አላወጣም፤ በአካባቢው እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ሆኖ ኖረ፤ ሕዝቡም ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ ወደደው። ሐተታውን የጻፈው በ1660 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ ነው፤ ያውም በራሱ ተነሣሥቶ ሳይሆን ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት አጥብቆ ስለ ለመነው።

ወልደ ሕይወት በራሱ ሐተታ ከመምህሩ ይልቅ ስለ ዕለታዊ ኑሮ በሰፊው ይጽፋል። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው ይገሥጻል፤ በየሁኔታው የሚያዋጣ ሙያ መማርን፣ በላብ የተገኘ ሀብት ማከማቸትንና ለተቸገረ መስጠትን አጣምሮ ይመክራል፤ ለሹማምንትም መታዘዝ ይገባል ይላል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ፋቂ በሚናቁበት አገር ይህ ቀላል ምክር አልነበረም። በነጋዴና በባለ ሙያ ላይ የነበረው ንቀት ከባለ ጉልትና ከወታደር ኑሮ የወጣ ነው፤ እነዚያ ደግሞ የሚኖሩት ከመንግሥት በሚሰጥ ስጦታ ነበር። አባቱ ባለጸጋ፣ መምህሩ ጸሐፊ የሆነ ሰው ሥራን የሚመዝንበት ሚዛን መለየቱ አያስደንቅም።

ወልደ ሕይወት በመጽሐፉ መጨረሻ እንዳሰፈረው መምህሩ ሐተታውን ከጻፈ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ዐረፈ። ከእነዚህ ውስጥ 59ኙን ያሳለፈው በእንፍራንዝ ነው። በዚያ ጊዜ ፋሲለደስ፣ ቀዳማዊ ዮሐንስና ቀዳማዊ ኢያሱ በጎንደር ተከታትለው ነገሡ፤ መሬትም ሹመትም ለብዙዎች ሰጡ፣ ከብዙዎችም ነሡ። ሐተታው ለዘርዐ ያዕቆብ አንድም የመንግሥት ሹመት አይጠቅስለትም።